በጥጥ የተሸፈነው ተዝካር

ወለቴ፣ የኔ እመቤት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። አንቺ ያለሽበት ቦታ በሽታም ጣሊያንም አይደርስም፤ ጤናው የሚጠየቀው እኛ ነን። እኛ እንግዲህ አለን፣ ይህ አለን ከተባለ። ከተለየሽን ትናንት ድፍን ዓመት ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ ጓዳ ገብቼ ነው፤ ስጨርስ ከጣራው ሳር ውስጥ እሸጉጠዋለሁ። ሰው እጅ ቢገባ እኔንም ልጅሽንም ያሰቅለናል። ሆኖም ሳልነግርሽ መዋል አልቻልኩም።

ቤቱን በተመለከተ፣ በጓሮ የተከልሽው እንሰት አድጎ አጥሩን አልፏል። ንግዱ ቆሟል። በቅሎዎቻችንን ለጦር ዕቃ ጭነት እያሉ አንድ በአንድ ነዷቸው። ዳማዋ ብቻ ቀረችልኝ፤ እሷንም የተዉልኝ ስለምትራገጥ ነው። ስንት ዘመን የረገምኩት ጠባይዋ ጠቀመኝ እልሻለሁ! አማችሽ ዘለቀ ከጓደኞቹ ጋር ከሁምቦ በላይ ያለው ጫካ ገብቷል። የነፍስ አባታችንም አብረዋቸው ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ዋሻ ያድራሉ። ልጃችን ጥሩነሽ ወደ እኔ ተመልሳለች። ከስታለች፤ ምላሷ ግን አልከሳም። ቤቱን እንደ አንቺ ነው የምታዘው፣ እኔን ጨምሮ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በመጨረሻው ሰሞን እጄን ይዘሽ ያልሽኝን መቼም አትረሺውም። ልቅሶዬን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ በተዝካሬ ግን ሰው ትኩስ ነገር ይብላልኝ፣ ቀዝቃዛ እንዳታድሉብኝ፣ አደራ! አልሽኝ። ሌላ ሰው ስለ መቃብሩ ይናዘዛል፤ አንቺ ስለ ወጥሽ ሙቀት። እኔም እያለቀስኩ ሳቄ መጣ፤ እሺ አልኩሽ።

ለአርባሽ ያሰብነው ሳይሆን ቀረ። ሰው ገና መግባት ሲጀምር ባንዶች መጡና ተበተኑ አሉን፤ የተሠራው ሁሉ እዚያው ቀዘቀዘ። ዓመትሽ ሲቃረብ ደግሞ ከዚያም ባሰ። ሰው መሰብሰብ ክልክል ሆነ፤ የመጣ ሁሉ እየታየ ይመዘገባል ተባለ። ማንን ጠርቼ ለማን ላበላ? ሌሊቱን ስገላበጥ ከርሜ ሳማክራት፣ ጥሩነሽ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ ሰው ወደ ተዝካሩ መምጣት ካልቻለ ተዝካሩ ወደ ሰው ይሂዳ! አለችኝ። ከዚያም ቀና ብላ ከጣራው ሥር የሰቀልሻቸውን ሁለት ቅርጫቶች አየች። ገባኝ፤ ተነስቼ አወረድኳቸው።

ጫካ ያሉት ሰዎች እሳት አያነዱም። ጭስ የታየበት ቦታ ሁሉ ይተኮስበታል፤ አንዳንዴም አውሮፕላን ይመጣበታል። ከክረምት ጀምሮ የሚበሉት ቆሎና ቀዝቃዛ ቆጮ ነው። ትኩስ ነገር ለእነሱ ማድረስ የሚቻለው በአንቺ ቅርጫት ብቻ ነበር።

በዚያ ቅርጫት ስንቴ እንደሳቅኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ብላቴ ወንዝ ማዶ ለንግድ አብረሽኝ የወረድሽ ጊዜ፣ ማለዳ ጎዳሬውን፣ ያንን እናንተ ቦይና የምትሉትን፣ ጥደሽ ገና እየተንተከተከ አወረድሽው። ክዳኑን በሊጥ መረግሽና በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለሽ፣ ቅርጫት ውስጥ ጥጥ ነስንሰሽ አስቀመጥሽው። ከላይ ደግሞ ምን ብትደርቢበት ጥሩ ነው? የኔን ጋቢ! ዶሮ ልታስታቅፊ ነው ወይ ብዬ በነጂዎቹ ፊት አሳቅኩብሽ። እናቴ አጨዳ ለሚወርድ ሰው እንዲህ ነበር የምታስይዘው አልሽኝ። ያን ዕለት ብላቴ ዳር ስንሰፍር ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ እርጥብ እንጨት እፍ ሲል ዓይኑ ደም መሰለ፣ አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ተቀምጠሻል። ራበኝና ልከፍት እጄን ስሰድ በማማሰያ አልሽኝ! ሳይደርስ ከተከፈተ ሙቀቱ ይሸሽና ጥሬ ሆኖ ይቀራል፣ ጥሬ ጎዳሬ ደግሞ ጉሮሮ ይበላል ብለሽ ተቆጣሽኝ። ኋላ ስትከፍቺው እንፋሎቱ ፊታችንን መታን፤ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ሆኖ በስሎ ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የሳቀብሽ ደምሴ የሚባለው በቅሎ ነጂያችን ነበር፤ ከሁሉ አብልጦ የበላውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅርጫቱን ራሴ ካልጫንኩ ይል ጀመር። ጥጡን እንዴት ጠቅጥቆ፣ በመዳፉ ተጭኖ እንደሚዘጋ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። ይህን ደምሴን አትርሺው፣ እመለስበታለሁ።

ትናንት ማለዳ በግ አረድን። አንዱ ድስት የበግ ወጥ፣ ሌላው ጎዳሬ። ላግዝ ብል ጥሩነሽ አባዬ ዞር በልልኝ አለችኝ፤ ዞር አልኩ። ልክ እንደ አንቺ እየፈላ አወረደችው፣ ሽታው እንዳይወጣ ክዳኑን በወፍራም ሊጥ መረገችው፣ ጠቀለለችው፣ ጥጥ ውስጥ ቀበረችው። ከላይ ባዘቶና እንዝርት አደረገችበት። ከተጠየቅን ሁምቦ ለሚኖር ሸማኔ ጥጥ እናደርሳለን እንላለን። ይህ ለአፍ ቀላል ነው። መንገደኛ ቆሎና ቂጣ ቢይዝ ማን ምን ይላል? ለብዙ ሰው የሚበቃ ትኩስ ወጥ የያዘ ግን፣ የሚበላው ሰው እዚህ ቅርብ ተደብቋል ማለት ነው። ያንን ድስት አንድ ሰው ከነካው ሁላችንም አለቀልን። ሁለቱን ቅርጫት በዳማዋ ግራና ቀኝ ጭነን ወጣን።

ወደ ሁምቦ መውጫ ኬላ አለ። ከሩቅ ሳይ አንዱ ባንዳ ከፊታችን ያለውን ሰውዬ ጆንያ በሳንጃ እየወጋ ይፈትሻል። የኛን ቢወጋው ድስቱ ይሰበራል፣ ወጡ ይፈሳል። እግዚኦ እያልኩ ስጠጋ ሌላኛው ባንዳ ዞር አለ። ወለቴ፣ ደምሴ ነው! ጠመንጃ ይዞ፣ የሰው አገር ቆብ ደፍቶ። በዚህ አገር ከቤታችን ሰው ሌላ የቅርጫቱን ምስጢር የሚያውቅ ቢኖር እሱ ነው። እግሬ ወደኋላ ሲል ጥሩነሽ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ከተመለስን ይተኩሱብናል፣ ዝም ብለህ ተራመድ አለችኝ።

ጌታዬ ይለኝ የነበረው ሰው፣ አንተ ሽማግሌ ቁም አለኝ። መጥቶ መዳፉን በቅርጫቱ ጎን ላይ አሳረፈ። ወለቴ፣ እጅሽ ይባረክ! ቅርጫቱ ከውጭ ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ ሙቀት እንኳን አላወጣም። ምንድነው ሲል ጥሩነሽ፣ ጥጥ ነው፣ ለሸማኔ ነው አለችው፣ ዓይኗን ሳትሰብር። እዚህ ላይ ያልፍ ነበር። ነገር ግን በኬላው ዳስ ሥር የተቀመጠው ፈረንጅ አለቃቸው የሆነ ነገር ጮኸበት። ደምሴም እጁን ጥጡ ውስጥ ከተተ። እስከ አንጓው ገባ። እስከ ክርኑ ገባ። ከዚያ ፊቱ ሲጨማደድ አየሁ። ድስቱን ነካው።

እዚያው ቆመን ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ልዋሽሽ አልችልም፣ ልጄን ይዤ መጥቼ አስገደልኳት እያልኩ ነበር። እሱ እኔን አላየኝም። የሚያየው ጥሩነሽን ነው፣ ፊቷ ደግሞ ያንቺው ፊት ነው። ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። ጣቱ ላይ የቀረውን ጥጥ መልሶ ቀዳዳው ላይ አደረገው፣ በመዳፉም ጠቅ ጠቅ አድርጎ ዘጋው። ልክ እንዳስተማርሽው። ከዚያ ወደ አለቃው ዞሮ ጥጥ ነው! ብሎ ጮኸና ዳማዋን በጥፊ መታት። እሷም አመሏ አይደል፣ ልትረግጠው ለጥቂት ሳተችው። እለፉ አለን።

ኩርባውን እስክንዞር ጥሩነሽ አልተነፈሰችም። ከዞርን በኋላ መንገድ ዳር ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታለቅሳለች ስል እሱን ትረግም ኖሯል። ይህ ውሻ ያሳለፈን ተከትሎን መደበቂያቸውን ሊያገኝ ነው አለችኝ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔስ ምን አውቃለሁ። ጠማማ መንገድ ያዝን፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን ኋላችንን ስናይ ቆየን። ማንም አልመጣም። ቀኑ ግን ሄደ። ያን ሁሉ አልፈን ወጡ ቢቀዘቅዝስ ብዬ ክዳኑን ልነካ ስል የእናቷ ልጅ፣ ምን ልበልሽ፣ እጄን ጧ አደረገችኝ።

ዘለቀ ጢሙ አድጎ ሳየው አላወቅኩትም። ጓደኞቹም ከሰውነት ወጥተዋል። ሊጡን ሰብራ ክዳኑን ስታነሳ እንፋሎቱ ቦለል ብሎ ወጣ፣ ሁሉም ተጠግተው ከበቡት። አንዱ የደረሰውን ጎዳሬ በሁለት እጁ ይዞ አይበላም፤ ይሞቀዋል እንጂ። የነፍስ አባታችን ጸሎቱን በከንፈራቸው ብቻ አደረሱ፤ ከማዶው ጉብታ የጠላት ጦር ስላለ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። እየተቀባበሉ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር አሉ፣ ሁሉም በሹክሹክታ። ጥሩነሽ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አለቀሰች። ዜማ የለ፣ እዬዬ የለ። የሚሰማው ሰው ሲያኝክ ብቻ ነበር።

የደምሴን ነገር ነገርኳቸው። ዘለቀ፣ ባንዳ ባንዳ ነው፣ ቤቴን ሲያቃጥሉ አብሯቸው ቆሞ ነበር አለ። ልክ ነው፤ አልተከራከርኩትም። የነፍስ አባታችን ግን በተዝካር የመጣ አይመለስም፣ እሱ ደግሞ ከሁላችንም ቀድሞ ድስቱን ነክቷል አሉና አንድ ድርሻ በቅጠል ጠቅልለው ለጥሩነሽ ሰጧት። ለሱ ከምሰጥ ለጅብ ብጥለው ይሻለኛል አለች። ነገር ግን ጥጡ ውስጥ ቀበረችው፤ አየኋት።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ደምሴ መንገዱ ላይ ብቻውን ቆሟል፣ ጓደኞቹ ዳሱ ሥር ናቸው። ጥሩነሽ አላየችውም። ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ቅጠሉን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። አሁንም ሞቅ ያለ ነበር። ጀርባውን ለጓደኞቹ ሰጠና ቆሞ በላው፣ በችኮላ፣ እንደ ሰረቀ ሰው። ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ ነፍሷን ይማር አለ። ድምፁ በጭንቅ ነው የተሰማው። ያን ሁሉ ቀን ስትረግመው የዋለችው ልጅሽ ጥርሷን ነክሳ፣ አሜን አለችው።

ወለቴ፣ አደራሽ ደርሷል። ሰው ትኩስ በልቶልሻል። ያንገበገበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጫካ ያሉት በደምሴ አለቆች ፍርሃት፣ ደምሴም በራሱ አለቆች ፍርሃት፣ ሁሉም ስምሽን በሹክሹክታ አነሱት። ገበያ መሐል ቆመሽ ስትጠሪኝ እስከ አረካ መንገድ ይሰማ የነበርሽ ሴት፣ ስምሽ እንደ ወንጀል በጆሮ ተነገረ። እኔ አርጅቻለሁ፤ እነዚህ ጣሊያኖች ሲወጡ ላይም ላላይም እችላለሁ። እስከዚያው በየማለዳው በልቤ እጠራሻለሁ። ያን ቀን ካየሁ ግን፣ በሞቴ፣ መቃብርሽ ላይ ቆሜ፣ ማንንም ሳልፈራ፣ ዳሞታ ተራራ እስኪመልስልኝ ድረስ ወለቴ! ብዬ እጮኻለሁ።

ባልሽ ተክሌ