ንብ የገባበት ክንፍ

የካቲት 9
ዝናብ የለም። ከብቶቹን ከሜዳው አስወጣሁ። ሜዳው የኔ ነው... ከዘንድሮ ጀምሮ ግን የከብት አይደለም፣ የአውሮፕላን ነው።
የምጽፈው በዝማሬ እጅ ነው። ልጄ ናት፣ አስተማሪ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሌላው ሲቆጥር ዛፍ ላይ ነበርኩ፣ ቀፎ ስሰቅል። ከአፌ የወጣውን ብቻ ጻፊ፣ ምንም እንዳትጨምሪ አልኳት። "እሺ አባባ" አለች። እሱንም ጻፈችው።

የካቲት 12
ትልቁ ልጄ ቢሻው አዲስ አበባ አውሮፕላን ሲጠግን ነው የኖረው። አሁን የራሱን ይዞ መጣ። ፈቃዱን ጨርሶ፣ ፈታትቶ፣ በአይሱዙ ጭኖ። እዚህ ሜዳ ላይ እንደ አልጋ ገጣጠመው። ቀጫጭን ቧንቧ፣ ጨርቅ የለበሰ ክንፍ፣ አንድ ሞተር፣ ሁለት ወንበር። በቃ። የሺሺንዳ ከተማ ባጃጅ ይሻላል ብዬ ሳቅኩ። ሲነሳ ግን... አፌን ያዝኩ።
ማደሪያው ቀፎ የማስቀምጥበት መጋዘኔ ነው። ሜዳው የኔ፣ መጋዘኑ የኔ። አንዱ ወንበር የቢሻው ነው፣ የሚያበረው እሱ ነዋ። ሁለተኛውስ?

የካቲት 13
ጠየቅኩት።
"አይሆንም አባባ። ደም ግፊት አለብዎት።"
"ዛፍ እየወጣሁ ነው ያሳደግኩህ።"
"ከዛፍም ወድቀዋል።"
አንዴ! አንዴ ብቻ፣ ዐምና። ቅርንጫፉ በስብሶ ነው። ጥፋቱ የቅርንጫፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝማሬ የመውጫ ገመዴን ደበቀችው።
ጻፊው እንጂ! የደበቅሽው አንቺ አይደለሽም?

የካቲት 20
ከፈለኝ አጥሬን ተደግፎ ቆመ። ጎረቤቴ ነው፣ እኩያዬ ነው። ማን ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ሰቀለ እያልን ስንፎካከር አረጀን። እሱን ጉልበቱ ከከዳው ቆየ። አፉ ግን ደህና ነው።
"ሣህሌ፣ ልጅህ ሲበር አንተ ሜዳ ትጠርጋለህ አሉ።"
"እበራለሁ።"
"ዶሮም ክንፍ አላት።"
ጥሩው መልስ የመጣልኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ዝማሬ ፊት የሚባል አይደለም።

የካቲት 28
ወንበሩ ተሰጠ! እንዳለ ለሚባል የቢሮ ሰው። እሁድ ሳምንት ወጥቶ ጫካውን ፎቶ ያነሳል፣ ለቱሪስት ማሳያ። የኔን ጫካ! የማር ዛፉ ገተም ሲያብብ ከላይ ምን እንደሚመስል እሱ ምን ያውቃል? እኔም የማውቀው ከአንድ ዛፍ ጫፍ ነው። ከዛፎቹ ሁሉ በላይ ሆኖስ?... አንዴ ልየው። ከዚያ ገመዱንም አልጠይቅም።

መጋቢት 1
ይህን ጻፊና አፍሽን ዝጊ አልኳት። በማርያም አስማልኳት።
በኛ ወግ ገብቶ የሰፈረ ንብ አይባረርም። ሰሙን ቀብቶ የጠራው ሰው ባለቤቱ ነው፣ እሱ ሳይፈቅድ የሚነካው ሌባ ነው። ይሄ የታወቀ ነው።
እና... የቀኝ ክንፉ ሥር ቀዳዳ አለ። ውስጡ ደረቅ፣ ጨለማ፣ ነፋስ የማይገባው። እንዲህ ያለ ቀፎ በዕድሜዬ አልሠራሁም። ጥቂት ሰም በጣቴ ቀባሁ። ጥቂት። የመጋዘኑን መስኮትም ከፈት አደረግኩ፣ አየር ይግባ ብዬ።
"አባባ ኃጢአት ነው" አለች።
ንብ የሚገባው በራሱ ፈቃድ ነው። ጎትቼ አላስገባሁትም።

መጋቢት 3
አልገቡም።

መጋቢት 4
አልገቡም። ሰሙ ነው ያረጀው ወይስ እኔ?

መጋቢት 5
ገቡ! መንጋው ሙሉ! ቢሻው ለቤንዚን ከተማ ወርዷል። እልል ልል ነበር፣ ዝማሬ አፌን ያዘችኝ።

መጋቢት 7፣ እሁድ
እንዳለ መጣ። ነጭ ጫማ፣ ትልቅ ካሜራ። ቢሻው አውሮፕላኑን ጎትቶ አወጣ።
"ሞተሩ ጠፍቶም ይጮኻል እንዴ?" አለ እንዳለ። ጆሮውን ክንፉ ላይ ለጠፈ።
እንዲህ የሚሮጥ የቢሮ ሰው አይቼ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። ካሜራው ሣሩ ላይ ቀረ። "በመኪና እዞራለሁ፣ አመሰግናለሁ" አለ በመስታወቱ ውስጥ።
ቢሻው ጭስ ሊያመጣ ተነሳ።
"ቁም! የገባ ንብ ይባረራል? አዲስ አበባ ወጉን አስረሳህ?"
"የማን ንብ ነው?"
"የኔ።"
"በምን አወቁ?"
ጣቴን በሱሪዬ ጠረግኩ። ዝማሬን ሳል ያዛት። ቢሻው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣቴን አየ።
"አባባ... እርስዎ!"
ሽማግሌ ይፍረድ ተባለ። ቅርብ የተገኘው ማን ነው? ከፈለኝ! አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ክንፉን ዞሮ ዞሮ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።
"ወግ ወግ ነው። ሰም የቀባ ባለቤት ነው። ንቡ እስኪወጣ ክንፉም የሣህሌ ነው።"
ለኔ ፈርዶ አያውቅም እኮ። ምን ነካው?
ቃሌን ሰጠሁ፦ ወንበሩ ላይ የምቀመጥ ከሆነ ንቡን በገዛ እጄ አወጣለሁ። ቢሻው ሣሩ ላይ ተቀምጦ አሰበ፣ አሰበ። መጨረሻ ላይ ሳቁ አመለጠው።
"መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። እሱ ካልፈቀደ ንቡም ይኑር፣ አውሮፕላኑም ቀፎ ይሁን።"

መጋቢት 9
ሐኪም ቤት። "ክኒኑን እየዋጡ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩ። ዝማሬን ያ ሳል ተነሳባት። "ከዛሬ ጀምሮ" አልኩ። ግፊቱ ሳይወርድ መብረር የለም አለ። ጨውም ይቀንሱ አለ። ጨው! ይሁን... ጨው የትም አይሄድብኝም።

መጋቢት 16
ጨው የሌለው ጎመን። ንቦቹ ከኔ የተሻለ ይበላሉ።

መጋቢት 30
ወረደ! ሐኪሙ ሁለቴ ለካኝ፣ አላመነም መሰለኝ። ፈቀደ።
ጭሴን ይዤ ክንፉ ሥር ገባሁ። ቀስ... ቀስ... አውራዋን ንብ አገኘኋት። ቀፎ ውስጥ ሳስገባት ሌሎቹ ተከተሏት። አንዲት ብቻ ነደፈችኝ፣ እሷም ለስንብት ነው። ቢሻው ክንፉን ፈትቶ ማጽዳት ጀመረ። "እጅዎ አልተንቀጠቀጠም" አለኝ። ምን መስሎህ ነበር?

ሚያዝያ 4
ቢሻው ሰሞኑን ብቻውን ደጋግሞ ሞከረው። ዛሬ የኔ ተራ ሆነ።
በረርኩ።
ሲነሳ እግሬ ቅርንጫፍ ፈለገ። የለም። እጄ ግንድ ፈለገ። የቢሻውን ጭን አገኘ። "አባባ ይልቀቁኝ፣ ላብርበት!" ይላል በሄልሜቱ ማይክ። ለቀቅኩት... ትንሽ ቆይቼ።
ከፈለኝ ግቢ ላይ ስናልፍ ዶሮዎቹ ተበተኑ። አንጋጦ ቆሟል። ዶሮ ማን እንደሆነች ይይ።
ከዚያ ጫካው። ገተሙ አብቧል፣ ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱን ሙሉ፣ አረንጓዴ ላይ እርጎ የተደፋ ይመስላል። የወደቅኩበትን ዛፍ ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ከሱ በላይ ከፍታ የለም ስል የኖርኩበት... የጎመን ራስ ያክላል። አፈርኩ? የለም። ሳቄ መጣ። ቢሻውም ሳቀ፣ በምን እንደሆነ ሳያውቅ።
ደግሞ አየሁ፦ ቀፎዎቼ ካበበው በጣም ርቀዋል። የከፈለኝ ከኔም የባሱ ናቸው። ይሄ ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 6
ዝማሬ ገመዴን አመጣችው። አልጠየቅኳትም። እጄ ላይ አስቀመጠችው። አሸተትኩት... ላቤ አሁንም አለበት። ለቢሻው ሰጠሁት። ነፋስ ሲነሳ ክንፉን ያስርበታል።
ከፈለኝን ከአጥሩ ማዶ ጠራሁት።
"ቀፎህን ከወንዙ ማዶ አሰቅል። አበባው እዚያ ነው።"
"አንተ በምን አወቅክ?"
"አየሁት።"
አጥሩን በጥፍሩ ቧጠጠ።
"ወንበሩ... ይመቻል?" አለ ሌላ ወገን እያየ።
"ለዶሮ አይሆንም" አልኩት።

ሚያዝያ 15
ጠዋት መጋዘን ገባሁ። ሰም ሸተተኝ። የኔ አይደለም። የግራ ክንፉ ሥር እንደ ጭቃ ተመርጓል። እንዲህ የሚመርግ አንድ ሰው ነው። የከፈለኝ እጅ!
አሃ... ያ ፍርድ! ሰም የቀባ ባለቤት ነው፣ ክንፉም የሱ ነው... ይሄ ተንኮለኛ ለካ ለራሱ ኖሯል የፈረደው!
ልጠርገው ጨርቅ አነሳሁ። ቆምኩ። በዚያ በሽተኛ ጉልበቱ... አጥሬን እንዴት ዘለለ?
ግራው በኩል ፀሐይ ይመታዋል፣ ንብ አይገባበትም። ከልጅነታችን ጀምሮ ነግሬዋለሁ፣ አይሰማም። ሰሙን በጥፍሬ ፋቅኩና ወደ ቀኙ አዞርኩለት። ስስ አድርጌ። መስኮቱንም ከፈት አደረግኩ።
ለቢሻው ትንፍሽ እንዳትዪ አልኳት። ከፈለኝን ግን ነገ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። ጨው የሌለው ጎመን ይቅመስና እናያለን።