ግሌን ያቃጠለው መንሽ

ጥላዬ ሆዴ፣

ያላንተ ሁለት ፋሲካ ፈሰክሁ። ደህና ነኝ፤ ዛሬ እንዲያውም ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ። ሐይቁ ሌክ ሜሪት አጠገብ ያለውን አፓርትመንታችንን አልለቀቅሁም፤ ኮትህም ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ልጅህ ሜሮን በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ይዛለች። አማርኛዋ ያው ነው፤ የምትቆጣኝ በእንግሊዝኛ ነው።

አሁን ወደ ወሬው። ባለፈው ወር ሜሮን በኦፍ ቀኗ ቼሪ የሚሉትን ቀይ ፍሬ እንልቀም ብላ ከሳን ሆዜ ወደ ታች ይዛኝ ወረደች። የት ደረስን መሰለህ? አንተ የቦሎቄ እርሻ ላይ የሠራህባት ከተማ! መጸዳጃ ፍለጋ አንዲት የእንጨት ቤት ገባን፤ ለካ የከተማዋ ሙዚየም ናት። የዱሮ ኮርቻ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የፍራፍሬ ሣጥን። ጥግ ላይ ደግሞ መንሽህ ተሰቅሏል።

አዎ፣ ያንተው መንሽ! የእርሻው መውቂያ ማሽን የተሰበረ ጊዜ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጠርበህ፣ ገለባውን ለነፋስ እየሰጠህ አዝመራውን ያተረፍክበት። አንዱ ጣቱ ሲሰነጠቅ፣ እኔን ሳትጠይቅ የሠርጌን ነጠላ ጥለት ቆርጠህ ያሰርክበት። ስንት ዓመት በዚያ ነጠላ ነዘነዝኩህ! ሱፐርቫይዘርህ ግሌን መጀመሪያ ሳቀብህ፣ አዝመራው ሲያልቅ አሰናበተህ፣ መንሼን ስጠኝ ስትለው ደግሞ «አቃጥዬዋለሁ» አለህ። እስክትሞት ድረስ ታነሣው ነበር።

አስጎብኚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ ራሱ ግሌን! ሸብቷል፤ እኔን አያውቀኝም። «አያቴ ከመቶ ዓመት በፊት የጠረበው ነው፤ የታሰረበት ጨርቅ የጥንት የአገሬው ሰዎች ሽመና ነው» እያለ ያስረዳናል። ደሜ ፈላ። ግን ፈገግ ብዬ «እስቲ ድገምልኝ» አልኩት። ደገመው። ሜሮን እጄን ጨምድዳ ይዛ «ማሚ፣ ፕሊስ» ትለኛለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስድስት የእድራችንን ሴቶች አስከትዬ፣ የሠርጋችንን ፎቶና ነጠላውን ይዤ ተመለስኩ። የሙዚየሙ ኃላፊ፣ አንዲት አሮጊት፣ ባሉበት የተቆረጠውን ጫፍ ከመንሹ ጥለት ጎን ዘረጋሁት። አረንጓዴው ከአረንጓዴው፣ ወርቁ ከወርቁ፣ ልክክ! ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ወደ ግሌን ዞሩ። እሱ «ከቤተሰብ ዕቃ ጋር ነው ያገኘሁት» ብሎ ተንተባተበ። «ለባሌ አቃጥዬዋለሁ ብለኸው ነበር፤ ከየትኛው እሳት ነው ያወጣኸው?» አልኩት። ጥላዬ፣ ፊቱን ብታየው ቃሪያ የጎረሰ ነው የሚመስለው! ከእድሩ ሴቶች እትዬ አስካለ እልል አሉ፤ ሙዚየም ውስጥ!

ኃላፊዋ መንሹን ውሰጂው አሉኝ። እንቢ አልኩ። እዚያው ይሰቀል፣ ስምህ ይጻፍበት፣ ግሌንም በገዛ አፉ ለጎብኚ ያንብበው አልኩ። ተስማሙ።

ትናንት ሄጄ እንደማያውቅ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጥላዬ የጠረበው መንሽ» ብሎ አነበበ። ስምህን አጣመመው፤ ሦስቴ አስደገምኩት። ሜሮን ይበቃል ትለኛለች፤ የንስሐ አባቴም ይቅር በዪ ይላሉ። ገና ነኝ። እግሬ እስከቻለ በየወሩ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። እኔማ መቼም አልረሳህ፤ እሱም እንዳይረሳህ ነው።

ስለ ነጠላው ግን ይቅር ብዬሃለሁ። አንተን ብቻ።

ያንተው አልማዝ