የሰይድ ፎቶ የነበረበት ቦታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2001
ከጠዋቱ 4 ሰ.

የፎቶ ቤቱ ሰርቨር ዛሬም ይንቀረፈፋል። አንድ ፎቶ እስኪከፈት ደንበኛው ላቡን ይጠርጋል። አለቃዬ ሮብሌ ሁለቴ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ሲናደድ አይጮህም፤ ቁልፉን ያንቃጭላል። ዲስኩን አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ። ፋይሎቹ ተቆራርሰው አንዱ ቁራሽ እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ማንም ሰብስቧቸው አያውቅም። ዲስኩ ዲፍራግ መደረግ፣ ቁርጥራጩ መሰብሰብ አለበት። ግን ዲስኩ ጢም ብሏል፤ ፕሮግራሙ ፋይሎቹን የሚያዘዋውርበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከየት ላምጣ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቦታ ተገኘ። «ያልተወሰዱ» የሚል ፎልደር። ተነስተው ያልተመለሱ ሰዎች ፎቶ። አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች፣ ወደ የመን ሲያልፉ እዚህ ሰፈራችን ካርቲየ 5 ጎራ ያሉ። ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነበረብኝ። ዲስኩ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ሰነፍኩ፣ ማስታወሻዬ። ሌላ ስም የለውም። ሮብሌንም አልጠየቅኩም። ከፍቼ እንኳ ሳላይ ሰረዝኩት። ዲፍራጉን አስጀመርኩ። ቀዩ እየሳሳ ሰማያዊው ሲሰፋ ማየት ደስ ይላል። ሙሉ ቀን ሠራ፤ መብራትም አልሄደ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ፎቶው ጠቅ ሲደረግ ከች! ሮብሌ ለጎረቤታችን ለፋርማሲስቱ አሞካሸኝ፣ በፈረንሳይኛ፣ እንድሰማ ብሎ። ምሳ ጋበዘኝ። ኮራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ከቀኑ 10 ሰ.

ዘይነባ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፤ ፈረንሳዮች ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። የምትወጣው ዓርብ ከሰዓት ብቻ። ሰኔ ላይ ከታናሽ ወንድሟ ከሰይድ ጋር ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ልጁ ወደ ወደቡ ከተማ ወደ ኦቦክ ሄደ፣ ከዚያ በጀልባ ሊሻገር። የታተመችውን አንዲት ፎቶ ይዞ ሄደ፤ የእሷ ቅጂ ሳይታተም እዚሁ ቀረ። እስከ ዛሬ አልደወለም። የመን ያለ አንድ የአገሯ ሰው፣ ፎቶውን ላኪልኝና በየእስር ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ ልጠይቅልሽ ብሏታል።

«ያቺን ፎቶ አውጪልኝ፣ እህቴ።»

መብራት ድንገት ሄዶ ዲስኩ ተበላሸ አልኳት። ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ! እሷም አመነችኝ። አንቺ ምን ታደርጊ፣ መብራቱ ነው፣ አይዞሽ አለችኝ። እሷ እኔን። ልሞክር፣ ሳምንት ነይ ብዬ ሸኘኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ጫንኩ። ሰርዤ ብቻ ትቼው ቢሆን ይገኝ ነበር። ዲፍራጉ ነው የጨረሰው፤ ባስለቀቅኩለት ቦታ ላይ ሌሎቹን ሰብስቦ ጻፈበት። የሰይድ ስም ያለበት ፋይል ብቅ አለ። ከፈትኩት። የሙሽራ እጅ፣ ሂና የተቀባ። የሌላ ሰው ሠርግ። የቀሩትን ከፈትኩ። ግራጫ፣ ግራጫ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለሮብሌ ነገርኩት። ተይው፣ የማይመለስ ሰው ፎቶ ነው፣ የመብራቱ ወሬ ይበቃታል አለኝ። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ወደ የመን የሚያልፉ ሁለት ልጆች ገቡ። ከከተማው ዳር ከፔካ 12 በእግራቸው፣ ጫማቸው አቧራ። ተነሱ። እስክንደውል ፎቷችን እዚህ ይቀመጥልን አሉ። እሺ ማለት አቃተኝ። ወዲያው አትሜ ሰጠኋቸው፣ በሌላ ዲስክም ገለበጥኩ። አሁን ጠንቃቃ ሆኛለሁ። ለሰይድ ምን ይጠቅመዋል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ከቀኑ 11 ሰ.

ዘይነባ ተምር ይዛ መጣች፣ ለልፋትሽ ብላ። ሳልቀበላት ነገርኳት። መብራት አልሄደም ነበር፤ ቦታ ፈልጌ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ተምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ስትሰርዢው አይተሽው ነበር?»

«አላየሁትም።»

«የመን ያለው ሰውዬ፣ ወንድምሽ ምን ለብሶ ነበር ይለኛል። ጠፍቶብኛል። አንቺ ታስታውሺ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሲነሳ ኮሌታውን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። የሸሚዙ ቀለም አልመጣልኝ አለ። አልመጣም።

አልሰደበችኝም። ተነሳች። በሩ ላይ ደረስኩባት። ኦቦክ የሚያስታውሰው ሰው አይጠፋም፣ አብረን እንሂድ አልኳት። አሠሪዋ ማዳም አትፈቅድላትም።

«እንግዲያው አንቺ ሂጂ» አለች። «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። በይ ድገሚው።»

ደገምኩት። ተሳሳትኩ። አረመችኝ። እንደገና አስባለችኝ። መንገዱ ላይ ቆመን፣ ሰው እያየን፣ እስክይዘው ድረስ።

ሮብሌን ፈቃድ አልጠየቅኩትም፤ ነገ አልመጣም ብቻ አልኩት። ጠዋት በኦቦክ ጀልባ እሄዳለሁ። ወደቡ ላይ ላገኘሁት ሁሉ፣ በአማርኛም በአረብኛም፣ መጀመሪያ የምለው፦ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።