ጎረቤት ያልካት ዘህራ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ለንደን፣ ቶተንሃም ያለው ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። እማዬ ወንበርህን ከመስኮቱ ሥር አንስታ ጓዳ አስገባችው፤ ባዶውን ማየት አልቻለችም። እኔም ትናፍቀኛለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ተቀይሜህ ነው።

ብሪክስተን የሚሰበሰቡት የምጽዋ ተወላጆች የድሮውን ወደብ ቤቶች ከመፍረስ ለማዳን ተነሥተዋል። ከሚጠገኑት አንዱ የአያትህ ቤት ነው፤ ያ ስታወራልኝ የማትጠግበው፣ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠራው። በሩ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እኔ እንዳዘጋጅ ኮሚቴው ጠየቀኝ። ደስታዬን ባየኸው። ኮሚቴው በሰጠኝ ፎቶ ላይ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ስላየሁ አዲስ አበባ ላለችው እህትህ ደወልኩና ምን ዓይነት ዕቃ ይቀመጥበት እንደነበር ጠየቅኳት። አክስቴም፣ ዕቃ አልነበረም፣ ሰው ነበር አለችኝ። ከመሀል አገር እየተነዱ የመጡት መርከብ እስኪመጣ የሚታጎሩት እዚያ ነበር። ዘህራ የምትባል ልጅም ከእነሱ ጋር መጣች። አያትህ ሳይሸጣት ለራሱ አስቀራት፤ አባትህን ወለደችለት።

ስሟ ለእኔ አዲስ አይደለም። አንተ ሐሙስ ማታ ለሙታን ዱዓ ስታደርግ ሁሉንም ከነአባታቸው ስም ትጠራና መጨረሻ ላይ ዘህራ ብቻ ትል ነበር። የማን ልጅ ናት ብዬ ብጠይቅህ፣ ጎረቤታችን ነበረች አልከኝ። ለካ የአባቷን ስም የጠየቃት ሰው የለም። አባዬ፣ የገዛ አያትህን እንዴት ጎረቤት ታደርጋታለህ?

የለንደን መርከቦች ሰው ይነግዱ እንደነበር ትምህርት ቤት ተምሬ እያለቀስኩ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ይሄ የእነሱ ነውር ነው፣ እኛ ቡናና ቆዳ ነው የነገድነው ብለህ በእጅህ እንባዬን ጠረግክልኝ። እኔም አመንኩህ። ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ቀና አድርጌ ያንኑ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖርኩ። የምታውቀውን ደብቀህ በውሸት አኮራኸኝ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

አክስቴ የወንድሜን ገመና አታውጪ ብላ ለምናኛለች። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎችም የነጋዴ ቤት ብለሽ እለፊው እያሉኝ ነው። አላልፈውም። ትናንት ጽሑፉን አስረከብኩ፤ ምድር ቤቱ ምን እንደነበረ፣ ዘህራ ማን እንደሆነች ጻፍኩ። አይለጠፍም ካሉም በየስብሰባው ተነሥቼ እናገረዋለሁ።

አንተንም አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። ግን የምጽዋው ነጋዴ የልጅ ልጅ ብዬ አይደለም። የዘህራ የልጅ ልጅ ብዬ ነው የማስታውስህ፤ ወደድክም ጠላህም።

ልጅህ
ሰዓዳ