ያከሳኝ ሩጫ አይደለም

ውድ እታለም፣

ስደውል ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። ውድ ያልኩሽ ለወጉ አይደለም፤ ውድ ባትሆኚማ ኖሮ ይሄን ያህል አልናደድም ነበር። ተናድጃለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ የምሰፋው ሁሉ እየተጣመመብኝ አለቃዬ ሁለት ጊዜ አስፈትቶኛል።

ማክሰኞ የሆነውን ነግሬሽ ሳልጨርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። አሁን እስከ መጨረሻው ትሰሚያለሽ። እኛ ስፌት ቤት ጠርዝ የምትዘመዝመው ልጅ፣ እኔው ያመጣሁልሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሩጫ ቡድንሽ ኋላ ኋላ የምትሮጠው፣ ማሽኗ ላይ እንዳለች ተዝለፍልፋ ወደቀች። ግንባሯ ጠረጴዛው ላይ አርፎ ተተረተረ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ መጨረሻ የበላሽው መቼ ነው ስትላት፣ እሑድ ምሳ አለች።

ግንባሯ ተሰፍቶ ካበቃ በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ ምን ነካሽ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ሰባት ሳምንት ሮጥኩ፣ ሁለት ኪሎ ነው የቀነስኩት። አንቺ በሩጫ ብቻ ያን ሁሉ አራግፈሽ የለ? እኔ ሰነፍ ነኝ ማለት ነው።»

ይቺ ከጠዋት እስከ ማታ ቀና ሳትል የምትሠራ ሴት ራሷን ሰነፍ አለች፤ እኔና አንቺ በፈጠርነው ውሸት።

አዎ፣ ውሸት ነው። ጨጓራዬን ከአራት እጅ ሦስቱን ቆርጠው አውጥተውታል። አብረሽኝ ነበርሽ እኮ። ሾርባ በማንኪያ ያጠጣሽኝ፣ በሦስተኛው ማንኪያ ሲያስመልሰኝ ሳህን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። ጸጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ሲነቀል እንዳላየው ጠቅልለሽ ኪስሽ ትከቺው ነበር። ታዲያ ሰው ሲጠይቅ ምን ልበል ስልሽ፣ «ሩጫ ነው በይ። ሆዷን አስቆርጣ ከሳች ብለው መሳቂያ ያደርጉሻል» አልሽኝ። ለኔ ያሰብሽ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ሩጫውን አላጣጥልም። ሐኪሙ የፈቀደልኝ ዕለት ወደ ኋላ እየተራመድሽ ከፊት ከፊቴ ትሄጂ ነበር፤ «እስከዚያ ምሰሶ ብቻ፣ ድንቡሼ» እያልሽ። ምሰሶው ጋ ስደርስ ደግሞ ቀጣዩን ታሳዪኛለሽ፣ አንቺ አታላይ። በዓመቱ አሥር ኪሎ ሜትር ሳልቆም ጨረስኩ። አቅፈሽኝ አለቀስሽ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሩጫ እግር ሰጥቶኛል፣ እንቅልፍ ሰጥቶኛል፣ አንቺንም ሰጥቶኝ ነበር። ያን ሁሉ ኪሎ ያወረደልኝ ግን የሐኪም ቢላዋ ነው።

የተበላሸው ቡድኑን ካቋቋምሽ በኋላ ነው። የስፖርት አስተማሪ አይደለሽ፣ ሴቶቹ እየበዙ ሲመጡ ልብሽ አበጠ። አንድ ቅዳሜ የድሮ ቀሚሴን ይዘሽ መጣሽ። ሰማያዊውን። በልኬ የሚሸጥ ጠፍቶ ራሴ ቆርጬ ራሴ የሰፋሁት ነው፤ አንገቱ እንዲያምር ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። እስካሁን እንደሱ ያለ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። አንቺ የሜዳው አጥር ላይ ሰቀልሽው። ሁለት ሴቶች ባንድ ላይ ገብተውበት እየተንከተከቱ ፎቶ ሲነሱ፣ «ይቺ እህቴ ነበረች» አልሽ። ነበረች! እኔ እዚያው ቆሜ። ቀጥለሽም ወደኔ እየጠቆምሽ፣ «ይቺ ደግሞ የኔ ሥራ ናት» አልሽ።

ያኔ ነው የገባኝ። እንዳይስቁብኝ የፈራሽው ለኔ ብለሽ አልነበረም። በኔ ስታፍሪ የኖርሽው አንቺ ራስሽ ነሽ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሲያጨበጭቡልኝ ደስ ብሎኛል። ያቺ ልጅ በሻይ ሰዓት እንዴት ቻልሽው ስትለኝ፣ ፈገግ ብዬ በትዕግሥት ነው ብያታለሁ። ሳስበው እስካሁን ያመኛል። የንዴቴን ግማሽ ለራሴ ይዣለሁ፤ ግማሹን ግን አንቺ ትወስጃለሽ፣ ምክንያቱም ማክሰኞ ስደውልልሽ «አንዷ ሳትበላ ሮጣ ብትወድቅ የሩጫው ጥፋት ነው?» ነበር ያልሽኝ። ተረፈች ወይ ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽም።

ለሷ እዚያው ነግሬያታለሁ። መጋረጃውን ስቤ፣ ሸሚዜን ገልጬ የቀዶ ሕክምናውን አምስት ጠባሳ አሳየኋት። አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እንግዲያው መብላት እችላለሁ?» አለችኝ። አፌን በእጄ ይዤ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ፣ ሰውነት ማፍታታት ሳንጀምር፣ ለሁሉም እናገራለሁ። ልከለክልሽ ብትዪ አትችዪም። ቡድኑ ቢበተን ይበተን፤ ሦስት ሰው ቢቀር እውነቱን ከሚያውቁ ሦስት ሰዎች ጋር እሮጣለሁ። መምጣትም መቅረትም ያንቺ ፈንታ ነው።

ከመጣሽ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ እንዳትዪኝ። ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። ሰዉ ሁሉ ባለበት ስለዚያች ወፍራም ሴት አንድ ጥሩ ነገር ተናገሪ። ስለ መክሳቷ አይደለም፤ ከመክሳቷ በፊት ስለነበረችው። ባንድ አልጋ ተኝታችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፣ አንድ ነገር አታጪም። ካጣሽ ግን አትምጪ፤ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት እሷን ነበርኩ።

እስከ ቅዳሜ ጠዋት የተናደደችብሽ፣ ከዚያ ወዲያ እንጃልሽ፣
ታናሽ እህትሽ