እናትሽ ቁረጠው ያለችኝ

ለልጃችን፦ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። እናትሽ እየነገረችኝ የምጽፈው እኔ አጎትሽ ነኝ፤ ምርቃቱ የእሷ፣ ወሬው የእኔ ነው።

ጣሪያው ተጠግኗል። የልብስ ስፌት ቤቴ በር አሁንም እንደ ፍየል ይጮኻል። እናትሽ የደም ሕመም ይዟታል፤ ይሄን እንኳ «ቁረጠው፣ ልጄ እንዳትሰማ» ብላኛለች።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ በሴል ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባለውን፣ ለሰውነት ሥራ የሚያዝ መልእክት ቆርጠው የሚገጣጥሙ ፕሮቲኖች አሉ። የእሷ አንዱ ተበላሽቶ ቦታ እየሳተ ይቆርጣል፤ መጣል ያለበትንም አብሮ ይሰፋል። እኔም አንዴ የሙሽራ ኮት ከነንድፍ ወረቀቱ ሰፍቼ፣ ሰውዬው በተራመደ ቁጥር ይንኮሻኮሽ ነበር። የእሷም ፕሮቲን እንዲህ በመሳሳቱ ደሟ አንሷል፤ ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ በየወሩ ትታያለች።

እሷን ያስጨነቃት ግን ሕመሙ አይደለም። «ለልጄ አውርሻት ቢሆንስ?» ትላለች። ሐኪሟ «እማማ፣ በዕድሜ የመጣ ነው እንጂ ወደ ልጅ አይተላለፍም» ብትላት፣ «አንቺማ ልታጽናኚኝ ነው» አለቻት። እኔንማ ከመቼ ወዲህ አምናኝ! ደህና መሆንሽን ካንቺ አፍ ከሰማች ግን ታምናለች፤ እባክሽ ደውይላት።

«ረዘመሳ፣ ምንድነው የምትጽፈው?» አለችኝ አሁን።

«ስለ ጣሪያው» አልኳት።

ጤናሽን ያብዛልሽ።