የፖሊስ ላንድሮቨሯ የመጀመሪያ ቀለም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እንዳድሳት የተሰጠችኝን አሮጌ የፖሊስ ላንድሮቨር የመጀመሪያ ቀለም ዛሬ አገኘሁት። ነጩን ስፍቅ አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ስፍቅ ግራጫ እየወጣ ሦስት ሳምንት አልፍቶኝ ነበር። በመጨረሻ ከወንበሩ ሥር፣ የማንም ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ፀሐይ የወጣለት የዘንገና ሐይቅ የመሰለ ሰማያዊ ብቅ አለ።

ደስታዬን ብቻዬን አልቻልኩትም። ሃያ ዓመት የነዷትን ጡረተኛውን ጋሽ አላምረውን በባጃጅ አስመጣኋቸው። የከተማችን የቆሰበር ጭጋግ ጋራዡ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። ገቢና ገብተው መሪውን ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተር የላትም፤ እሳቸው ግን ማርሽ እየቀያየሩ ቀስ ብለው ወደ ዳንግላ ወረዱ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ የሄድኩ መሰለኝ።

ከዚያ ግራ ክንዳቸውን በመስኮቱ አወጡና የበሩን ጠርዝ ይዳብሱ ጀመር።

“እዚህ ጋ ክርኔ ያጎደጎደው ቦታ ነበር። የት ሄደ?”

ትናንት በስቱኮ ደፍኜ አለስልሼዋለሁ። ዝገት የበላው መስሎኝ ነው።

“ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ ነበረች፣ ጋሼ” አልኳቸው።

“እንግዲያ እኔ ሳልነዳት ነዋ” አሉና ክንዳቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።